ስልካችሁን ውጭ አስቀምጡ

ማይኩ ጥርርር አለ፤ ስልክ ሊጠራ ሲል እንደሚያደርገው። የሬዲዮ ድራማው የድምፅ ባለሙያ ሊያብድ ምንም አልቀረው። ገመዱን ቀይሯል፣ ማይኩ ውስጥ የጩኸት ማጣሪያ በይዷል፣ የተዋንያኑንም ስልክ ሰብስቦ ውጭ አስቀምጧል።

«ኧረ በፈጠራችሁ! የደበቀ አለ እንዴ?»

ሁሉም ባዶ እጃቸውን አሳዩት። ማይኩን ይዞ በየሰዉ አጠገብ ዞረ፤ ዝም። ባዶው ወንበር ጋ ሲደርስ ግን ማይኩ ጆሮ የሚያደነቁር ጩኸት ለቀቀ። ወንበሩ ባለፈው ወር የቀበሯት ተዋናይ መቀመጫ ነበር። ስልኳን ቀሚሷ ስር ደብቃ እየገባች፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ታሳብጂኛለሽ!» እያለ ስንቴ ተቆጥቷታል።

ጩኸቱ ቆመ። ወዲያው ከባዶው ወንበር ላይ ስልክ ጠራ። ሁለቴ እንደጠራ ተነሳ።

«አቤት» አለ የሴትዮዋ ድምፅ በሹክሹክታ፤ «ቀረጻ ላይ ነን። ቆይቼ ልደውል፣ ይቆጣኛል።»