ኤ የሚባልበት ቦታ

ታፋ እጁን አያንቀሳቅስም። የጠረጴዛውን ጠርዝ በሁለት እጁ ይዞ፣ ከሰው ራስ በላይ ያለውን ግድግዳ እያየ፣ ስለ ጭሰኛ መብት ይናገራል። አማርኛው እንከን የለውም። ሚስቱ ደራርቱ ከሴቶቹ መካከል ተቀምጣለች። ንግግሩን በቃሏ ታውቀዋለች፤ ሰሞኑን ራት በቀረበ ቁጥር እየተለማመደ እህሉን ሲያቀዘቅዝባት ነበር።

እንዲህ መናገርን ያመጣው ከአዲስ አበባ ነው። ባለፈው ክረምት ለመምህራን ኮርስ ሄዶ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ ሚኒስትሮች በቴሌቪዥን ሲናገሩ አየ። አንዳቸውም እጃቸውን አያወናጭፉም አላት፤ ማንም ቃሉን አቋርጦ የሰው ፊት አያይም። ትልቅ ሰው የሚናገረው እንዲያ ነው።

ነቀምቴ ግን ቴሌቪዥን የለም። የማዘጋጃ ቤቱን አዳራሽ የሞላው በአቅራቢያው ካለው ከጉቶ ገጠር የወረደ ገበሬ ነው፤ የሰኔን ጭቃ በእግሩ ይዞ ገብቷል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። የመንግሥት ስብሰባ ስለሆነ የምክር ቤት ዕጩዎች የሚናገሩት በአማርኛ ነው፤ የፍርድ ቤቱ አስተርጓሚ ዋጋሪ ደግሞ ወደ ኦሮምኛ ይመልሰዋል። ታፋ የዚሁ አገር ልጅ እንደሆነ፣ አፉን የፈታው በኦሮምኛ እንደሆነ፣ አዳራሹ ውስጥ የማያውቅ ሰው የለም። ቢሆንም ሕግ ሕግ ነው።

በዚህ አገር ሰው ሲናገር ሰሚው ዝም አይልም። ተናጋሪ ትንሽ ብሎ ቆም ይላል፣ ሰሚ «ኤ» ይላል፤ ሰምቻለሁ፣ ቀጥል እንደማለት። ኤ ያልተባለለት ቃል መሬት የወደቀ ቃል ነው። ታፋ አንዱን ሐሳብ ከሌላው እያያያዘ፣ ትንፋሽ እስኪያጥረው ይሄድና ለዋጋሪ ይለቅለታል። ዋጋሪ ያንን ረጅም ነገር ተቀብሎ ይቆራርሰዋል፤ አንዱን ጉርሻ ያቀብልና ሰዉን ያያል። «ኤ» ይላል አዳራሹ። ሌላውን ያቀብላል። «ኤ።» ታፋ ተናግሮ ሳይጨርስ ሰው ሁሉ ዓይኑን ዋጋሪ ላይ ተክሏል።

ከኋላዋ አንዲት ሴትዮ ትከሻዋን ነካ አደረጓት። ማንበብ ለማይችል ሰው ሲባል ለየዕጩው ምልክት ተሰጥቶታል፤ የታፋ ፋኖስ ነው፣ የተቀናቃኙ በሬ።

«ኢንተሎ፣ አንቺ ልጅ፣ ይሄ ዋጋሪ ምልክቱ ምንድን ነው?»

አስተርጓሚ እንጂ ዕጩ አለመሆኑን ነገረቻቸው።

«አዬ» አሉ ሴትዮዋ፣ ቅር ብሏቸው። «የሚናገረው እሱ አይደል እንዴ?»

ቀጥሎ ተቀናቃኙ ግራዝማች ተረፈ ተነሡ። የደራርቱ አባት ኦቦ ኩማ የሚያርሰው የእሳቸውን መሬት ነው። አዳራሹ ውስጥ ካለው ገበሬ ግማሹም እንደዚያው። ግራዝማች ትራክተር ገዝተዋል፤ ጭሰኞቻቸው የዘንድሮውን ከሰበሰቡ በኋላ ጎጇቸውን ነቅለው እንዲሄዱ አስነግረዋል። የጭሰኛ ሕግ ለምክር ቤት ይቀርባል ይባላል፤ እዚያ ተቀምጦ እጅ የሚያወጣው ከሁለቱ አንዱ ነው። ታፋ የተወዳደረውም ለዚህ ነው።

ግራዝማች ከዘራቸውን ተደግፈው የፊተኛውን ረድፍ፣ ቀጥሎ የኋለኛውን በቀስታ አዩ።

«አካም ጂርቱ?» አሉ። እንዴት ናችሁ ማለት ነው። ከሸዋ መጥተው ዕድሜያቸውን ወለጋ ሲኖሩ ከዚህ የዘለለ ኦሮምኛ ሲወጣቸው የሰማ የለም። ብለውም ቆም አሉ። ጠበቁ።

«ነጋ» አለ አዳራሹ በአንድ ድምፅ፤ ሰላም ነው እንደማለት።

ከዚያ በአማርኛቸው ቀጠሉ። ዝናቡ ዘንድሮ እንዴት ነው? ቆሙ። ከብቱ ደህና ነው? ቆሙ። ዋጋሪ ገና ሳይመልሰው ኤ ይሉላቸው ጀመር። በቆሎው እንዴት ያዘ? ከወንዶቹ ረድፍ አንድ ጎርናና «ኤ» ከሌላው ድምፅ ተለይቶ ወጣ። ደራርቱ ዞራ ማየት አላስፈለጋትም። አባቷ ነው። ያ በቆሎ ማሳው ላይ የሚያየው የመጨረሻ በቆሎ ነው።

ስብሰባው ሲበተን ታፋ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ፊቱ በርቶ ጠበቃት።

«ኤ ሲሉ ሰማሻቸው?»

«ለዋጋሪ ነው።»

የፊቱ ብርሃን ጠፋ። እሷ ግን አልተወችውም፤ አንዲት ሰላምታ እንኳ ማን ከለከለህ አለችው።

«ግራዝማች ሲሉት ጨዋታ አዋቂ ይባላሉ» አለ ታፋ። «እኔ ስለው ባላገር እባላለሁ።»

እውነቱን ነው።

አባቷ ጋቢውን ራሱ ላይ አጣፍቶ መጣ። ያን ሰውዬ ኤ ስትለው ሰማሁህ አለችው።

«ጠየቀኝ እኮ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ» አለ። «የጠየቀሽን ሰው ዝም ትዪዋለሽ?»

«ድምፅህን ለማን ልትሰጥ ነው?»

«የእኔማ የሶዳዬ ነው» አለ፣ አማቹን በክብር ስሙ ጠርቶ። «የሌላውን ሰው አትጠይቂኝ።»

ዝናቡ ውስጥ ገቡ። የዋጋሪን ምልክት የጠየቁት ሴትዮና ጎረቤቶቻቸው ከፊት ከፊት እየሄዱ ስለ በሬ ያወራሉ። ታፋ ከአባቷ ጎን ሆኖ ሕጉ ቢወጣ ምን እንደሚለወጥ ያስረዳ ጀመር፤ የሚሰማው ሹም ስለሌለ አሁን የሚናገረው በኦሮምኛ ነው። እጆቹ ጎኑ ላይ ተጣብቀዋል፤ ዓይኑ ከመንገዱ በላይ ሩቅ ያያል፤ አንዱን ሐሳብ ከሌላው እያያያዘ ይሄዳል። ደራርቱ ከኋላ ሆና አባቷን ታያለች። «ኤ» ሊል አፉን ከፈተ፣ መልሶ ገጠመው። ጥቂት እንደሄዱ ደግሞ ከፈተ።