የሚፈታው ክር

ባለፈው ጉዞ ትንፋሽ አጥሯት በሰው ትከሻ ተደግፋ ስለተመለሰች፣ ኀፍረቱ ገና አልለቀቃትም። ዛሬ የሰፈሯ የእግር ጉዞ ማኅበር ሐይቁን ዳር ዳሩን ሲሄድ፣ ማንም እንዳያዝንላት ቆርጣ ነው የመጣችው። ጡረታ ወጣች እንጂ አላረጀች!

ደግነቱ ዛሬ ያስቸገረው ሌላ ሰው ነው። ፀጉር አስተካካዩ ምንተስኖት በየመሀሉ ጎንበስ ይልና፣ “አንዴ ጠብቁኝ፣ የጫማዬ ክር ተፈታ” ይላል። ሁሉም ይቆማሉ።

“ኧረ አንተ ልጅ!” ትለዋለች ትንፋሿን እየሰበሰበች። “ክር ማሰር እንኳ ሳያስተምሩህ ነው ያሳደጉህ?”

“ይቅርታ እትዬ፣ አስቸገርኳችሁ።”

“አንተን ባልጠብቅ እኮ ይሄኔ ደርሼ ዓሣዬን በልቼ ነበር!”

ሰው ሁሉ ይስቃል። እሷም ደስ ብሏት ከፊት ትቀድማለች።

ዓሣ ቤቱ ጋ ሲደርሱ ምንተስኖት ጫማውን ሣሩ ላይ አውልቆ፣ እግሩን ሊታጠብ ወደ ውኃው ወረደ።

“ቆይ፣ እስኪመለስ አጥብቄ አስሬ ልጠብቀው፤ ይማርበት!” አለችና ወደ ጫማው ሄደች።

“እትዬ ይተዉት፣ ጭቃ ነው” አለች አንዷ፣ ደንገጥ ብላ ልትቀድማት እየሞከረች።

እሷ ግን አንስታዋለች። ጫማው እንዲሁ የሚጠለቅ ነበር። ክር የለውም፤ የክር ማስገቢያ ቀዳዳም የለውም።

ቀና ስትል ሁሉም ሐይቁን እያዩ ነበር።