የዘንጊው እንጉዳይ

የላቦራቶሪውን ሀላፊ ሠራተኛው ሁሉ «ዘንጊው» ነው የሚለው። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰክቶ ሰውን ሁሉ ሲያፋልግ ይውላል። አንድ ቀን እንዲያውም ካልሲውን እጁ ላይ አጥልቆ «ይሄ ጓንት ጠበበኝ» ብሏል አሉ።

ለዕቃ አጣቢዋ ግን ነፍሷ ነው። ባሏ የጉበት ካንሰር ይዞት፣ ሐኪሞቹ «ከእንግዲህ ቤቱ ይረፍ» ብለው ሸኝተውታል። ዘንጊው ሌላውን ሁሉ ቢረሳ እሱን አይረሳም።

«ባለቤትሽ እንዴት አደረ? እህል ቀመሰ? የዓይኑ ቢጫነትስ?»

«ወይ ደግነት!» ትላለች በሆዷ።

የላቦራቶሪው ሰዎች ሥራ እንዲህ ነው። የጉበት ካንሰር ሴል ሳህን ላይ ያሳድጉና መሀሉን በቀጭኑ ይጭሩታል። ሴሎቹ በማግስቱ ጭረቱን ሞልተው ይሻገራሉ። ከእንጉዳይ የተጨመቀ ጠብታ ያረፈበት ሳህን ላይ ግን ወንዝ እንደሞላበት መንገደኛ ዳር ቆመው ቀሩ።

«ዶክተር፣ ይሄ ለሰው ይሆናል?» አለች ዕቃ አጣቢዋ።

«ማን ፈቅዶልን! ሰው ላይ ለመሞከር ገና ዓመታት ይፈጃል» አለና የጠብታውን ብልቃጥ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፎበት፣ ቁልፉን እዚያው ረስቶት ሄደ።

ባሏ ደግሞ ዓመታት የለውም። ከብልቃጡ ባዶ የሽሮፕ ጠርሙስ ውስጥ ቀዳች።

«ምንድነው የምታጠጪኝ?» አለ ባልየው።

«እንጉዳይ ነው። ዝም ብለህ ዋጥ።»

«የጅብ ጥላ! ነገ አናቴ ላይ ጃንጥላ ቢበቅል ጉድሽ ፈላ!»

«አንተ ብቻ ዳንልኝ፣ እኔ እጠለልበታለሁ።»

ስድስት ሳምንት ሙሉ ሰረቀች። ኮቴ በሰማች ቁጥር ጠርሙሱን ቀሚሷ ሥር ትሸጉጣለች። ዘንጊው ግን ብልቃጡ ሲጎድል «ተነነ መሰለኝ» እያለ ይሞላዋል።

በሰባተኛው ሳምንት የባሏ ሆድ እንደ ከበሮ ተነፋ። ቀልዱም ቀረ። በአራተኛው ቀን ሞተ።

ከቀብር መልስ በቀጥታ ቢሮው ገባች።

«ዶክተር፣ ከብልቃጡ እየሰረቅኩ ለባሌ ያጠጣሁት እኔ ነኝ። ምናልባትም የገደልኩት እኔው ነኝ። ፖሊስ ይጥሩብኝ።»

ዘንጊው ትከሻዋን ያዝ አደረገ። «እኔ ምንም አላየሁም፣ እህቴ። ብቻ፣ በጣም ተሠቃየ? ከስንተኛው ቀን ጀምሮ?»

ሁሉንም አንድ በአንድ ነገረችው። እግሩ ላይ ወድቃ መረቀችው፤ ሥራውንም ለቀቀች።

በሳምንቱ በእሷ ቦታ ለመቀጠር ሦስት ሴቶች መጡ። ዘንጊው ስለ ዕቃ ማጠብ አንድም ነገር አልጠየቃቸውም።

«እስቲ» አለ ወንበሩን ሳብ አድርጎ፣ «ከመካከላችሁ ቤቷ ጉበቱን የታመመ ሰው ያላት የትኛዋ ናት?»