ስባሪዋ ብረት

አሜሪካዊው ሽማግሌ ባለጎማ መደገፊያቸውን፣ ሮላቶሩን፣ ጨብጠው ተነሡ። ተንከባካቢያቸው አያልነሽ ከኋላ ቀበቷቸውን በሁለት እጇ ያዘች። ባለፈው ወር የወደቁት እዚሁ፣ በአልጋውና በመስኮቱ መካከል ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሳትይዛቸው አንድ እርምጃ ተራምደው አያውቁም። ዛሬ ግን ወደ ፊት ገፉ፤ ቀበቶው ጣቶቿን ከረከራቸው። ከአየር ማረፊያው አጠገብ ካለው ከሽቫንሃይም ሰፈር ጣሪያዎች በላይ አውሮፕላን እያጓራ አለፈ።

ራስጌያቸው ካለው ጠረጴዛ ላይ አውራ ጣት የምታህል ስባሪ ብረት ነበረች። በወጣትነታቸው ከሠሩበት አውሮፕላን ተሸካሚ የጦር መርከብ ያመጧት ናት። መርከቡ ላይ በቂ መንደርደሪያ ስለሌለ አውሮፕላኑ በእንፋሎት ግፊት ይወነጨፋል፤ እስከዚያ ድረስ፣ ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ እያገሳ፣ አውሮፕላኑን አንቃ የምትይዘው ይህች ብረት ነበረች። አብራሪው ሲዘጋጅ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ሰላምታ ይሰጣል፤ እንፋሎቱ ሲመታ ብረቷ ለሁለት ትሰበራለች፤ አውሮፕላኑ ይሄዳል። አያልነሽ ይህን በሰማች ቀን "አታሳዝንም?" ብላቸው ነበር።

"አልሰበርም ብትል ነበር የሚያሳዝነው" አሏት።

አሁን ቀኝ እጃቸው ከሮላቶሩ ተነሣና ግንባራቸው ላይ አረፈ። አያልነሽ ጣቶቿን ከቀበቶው አንድ በአንድ ፈታች። ሽማግሌው እጃቸውን ወደ መደገፊያው መልሰው ሄዱ፤ አንድ፣ ሁለት፣ አምስት እርምጃ፣ እስከ መስኮቱ። እሷ አልጋው አጠገብ ባዶ እጆቿን እንደዘረጋች ቆማ ቀረች።

መስኮቱን ተደገፉ፤ ጉልበታቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። "የሚያርፈውን አውሮፕላን ደግሞ" አሉ ሳይዞሩ፣ "በገመድ ነው የምንይዘው። ፈጠን በይ።"