ከጋላፊ የሚመጣው ድምፅ

ፈንታሁን በጅቡቲ መስመር ተሳቢ ሲነዳ ልጁ ትህትና ስድስት ዓመቷን ያዘች። ድንበሩ ላይ ጋላፊ ደርሶ በደወለ ቁጥር ሚስቱ ፋሲካ ምሳ ታቀርብና ስልኩን በእሱ ቦታ፣ ከትሪው አጠገብ ታቆመዋለች። ትህትናም እንጀራ ጠቅልላ ወደ ስልኩ እያስጠጋች «አባዬ፣ ጉርሻ» ትለዋለች። እሱም ከዚያ ሙቀት ውስጥ «እም፣ ጣፈጠኝ» ይላታል።

ልጅቱ በድምፁ ብቻ እንዳታውቀው ስለፈራ ዛሬ ኮምቦልቻ ላይ ቁልፉን ለባለመኪናው አስረከበ። በሚኒባስ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ቤቱ ገባ።

«በቃ፣ ከእንግዲህ መንገድ የለም» አለ እጁን እየታጠበ።

«ሳምንት ሳትቆይ መሪው ናፈቀኝ እንዳትል ብቻ» አለች ፋሲካ እየሳቀች።

ገና መብላት ሲጀምሩ የፋሲካ ስልክ ጠራ። ትህትና ሮጣ አነሳችው።

«ጋላፊ ነኝ፤ የዛሬው ሰልፍ አይጣል ነው» አለ ስልኩ። የፈንታሁን ድምፅ ነበር፤ የጉሮሮው ሻካራነት እንኳ አልቀረም። ፈንታሁን ኪሱን ዳበሰ። የእሱ ስልክ እዚያው ነበር።

«ትንሽ ፈቀቅ ይበሉ፣ የአባቴ ቦታ ነው» አለችው ትህትና ወደ ፈንታሁን ዞራ። ስልኩን ፊቱ አቆመችና ጠቀለለች። «አባዬ፣ ጉርሻ።»

«እም፣ ጣፈጠኝ።»

«ትህትና፣ እኔ እኮ እዚህ ነኝ» አለ ፈንታሁን።

«ማነው ቤት ያለው?» አለ ስልኩ።

ፋሲካ ፈንታሁንን ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች።

«እንግዳ ነው» አለች። «አሁን ይሄዳል።»