የአራተኛው ሽቦ ቦታ

ለሳኙ ሲሚንቶውን አቡክቶ በሩ ላይ ሲጠብቅ፣ ሽማግሌው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ በሴት ልጁ ክፍል ግድግዳ ላይ ወፍራሙን ቱቦ ገና እያስተኛ ነበር። ሚስቱ ቀጭኑን ቱቦ ከወለሉ አነሳችና አየችው።

«ለሦስት ሽቦማ ይሄ ይበቃ ነበር፣» አለችው።

«ሽቦ ከተጠቀጠቀ ይግላል። ሲግል ልባሱ ይቀልጣል። ቱቦ ከግማሽ በላይ አይሞላም።»

«እሱንማ ሠላሳ ዓመት ሰማሁህ! ሦስቱ ቀጭኑንም ቢሆን ግማሹን አይሞሉት። አንተ ሰውዬ፣ በባለሙያ ሚስት ላይ ነው የምትቀልደው?»

ወደ ግድግዳው ዞሮ ወፍራሙን ቱቦ ማስተኛቱን ቀጠለ። ልጅቱ ከቤት ወጥታ ከመሄዷ በፊት «አባዬ፣ ከበሩ የሚበራ የራስጌ መብራት አድርግልኝ» ብላው፣ «ነገ» ብሏት ነበር። ያ ነገ ይኸው ስድስት ዓመት ሆነው። ሚስቱም «ክፍሉን እናከራየው፣ የሄደ ሄዷል» ማለት ከጀመረች ሰነበተች።

ሦስቱን ሽቦ አሳለፈና ቀስ ብሎ አንድ ሲባጎ አስከተለ፤ አራተኛ ሽቦ መጨመር ሲፈለግ እሱ ላይ ታስሮ ይሳባል። የሲባጎው ጫፍ የልጅቱ አልጋ ከነበረበት ራስጌ በኩል ወጥቶ ተንጠለጠለ።

«ይሄ ትርፍ ነው፣ ይቆረጥ?» አለ ለሳኙ።

ሽማግሌው ቀና ብሎ ሚስቱን ለማየት ፈራ። እሷ ቀጭኑን ቱቦ አስቀምጣ የሲባጎውን ጫፍ ያዘች። ልትመዘው መሰለው። እሷ ግን አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ አጥብቃ ቋጠረችው።

«ወደ ውስጥ ከሾለከ፣» አለች ቋጠሮውን እየዳበሰች፣ «ስትመጣ የት ብለን እንፈልገዋለን?»