መደንገጥ የተፈቀደለት ሰው

አዲሱ ሕግ ከወጣ ወዲህ፣ የጦርነት ድንጋጤ ያልለቀቀው ሰው ሕመሙን የሚመረምረውን መሣሪያ ፈተና ካለፈ ሰፈሩ በሙሉ ጸጥ ይልለታል። እኔ ከጦር ሜዳ ተመልሼ መጀመሪያ ስፈተን ወደቅሁ። መሣሪያው በሚያባብል ድምፅ፣ «አባቴ፣ ቅዠትዎ ማክሰኞ ማክሰኞ ብቻ ነው የሚመጣው? ሲደነግጡ በጥርስዎ ሙዚቃ ይሰማሉ?» እያለ ሲጠይቀኝ፣ ጠያቂን ማሳፈር ነውር ነው ብዬ ሁሉንም «አዎ ልጄ» አልኩት። ለካ ውሸታም መያዣ ወጥመድ ኖሯል! «አስመሳይ» ተብዬ ቀረሁ። ጎረቤቴ ገዛኸኝማ በየድግሱ «ተዋናዩ መጣ!» እያለ ሲያስቅብኝ ኖረ። ይህን አልረሳለትም።

ዛሬ እንደገና ተፈተንኩ። ለእነዚያ ለማይረቡ ጥያቄዎች «ኧረ በጭራሽ!» አልኩና አለፍኩ።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ የሺመቤት የድስቱን ክዳን ሁሉ እንዳይንኳኳ በጨርቅ ጠቅልላ፣ እየሳቀች ጠበቀችኝ። ማለፌ ቀድሞኝ ለሰፈሩ ተነግሮ ኖሮ ደጁም ጭር ብሏል። ለካ የገዛኸኝ ልጅ ሰርግ ነው! ሙሽሮቹ ያለ ከበሮ፣ ያለ እልልታ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠዋል። ሚዜዎቹ በሹክሹክታ ይዘፍናሉ።

ገዛኸኝ አንገቱን ደፍቶ መጣ። «ወንድሜ ድንበሩ፣ ይቅር በለኝ። እውነትህን ነበር።»

ስመኘው የኖርኩትን ቃል ስሰማ ሳቄ መጣ። «አንተ ሰውዬ፣ ልጅህን እንደ ለቅሶ ነው እንዴ የምትድረው? በል ከበሮውን አስመታ!»

«ትደነግጣለህ እኮ!»

«ልደንግጣ! ተፈቅዶልኝ የለ?»

ከበሮው ሲመታ በድንጋጤ ዘልዬ የገዛኸኝ አንገት ላይ ተጠመጠምኩ። ማንም አልሳቀብኝም። እየተንቀጠቀጥኩ ጨፈርኩ፤ እሱም እጄን ሳይለቅ አብሮኝ ጨፈረ።